የኩላሊት ጠባሳ በአልትራሳውንድ ይለካል አሉን፤ ታዲያ ባዮፕሲው ለምን አስፈለገ?

ታላቅ እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወንድሜ ነው የምጠይቃችሁ። 34 ዓመቱ ነው፣ ስኳር የለበትም፣ አያጨስም። ለሥራ የጤና ምርመራ ሲያደርግ ሽንቱ ላይ ፕሮቲንና ደም ተገኘ። ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 2.1 ሆኖ ከዚያ ተነስተው ያሰሉት የኩላሊት አቅም 41 ነው ተባለ። ግፊቱም 150 በ95 ነበር፣ ኢናላፕሪል ተጀመረለት። ከሦስት ወር በኋላ ሲደገምም ያው ነው። ሐኪሙ ባዮፕሲ ይሠራ፣ ማለትም ከኩላሊቱ ትንሽ ናሙና በመርፌ ይወሰድ አለ። እናታችን ይህን ስትሰማ «ደህናውን ኩላሊት በመርፌ ሊበሱት ነው እንዴ!» ብላ ቤቱን ቀወጠችው።

በዚህ መሃል አንድ ጓደኛችን ኢላስቶግራፊ የሚባል አልትራሳውንድ አለ፣ ያለ መርፌ ጠባሳውን በቁጥር ያወጣል አለን። አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ደውዬ ብጠይቅ «አዎ እንሠራለን፣ እሱን ካሠራችሁ ባዮፕሲ አያስፈልግም» አሉኝ። እውነት ነው? ተራውን አልትራሳውንድ አሠርተናል። ቀኝ 9.8፣ ግራ 10.1 ሴንቲሜትር፣ «ኢኮጀኒሲቲ ጨምሯል» ይላል። ልጁ ራሱ መርፌውን ፈርቷል፣ ለዚህ ነው የምለፋው። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሶኖ ጎንደር
እህቴ አይዞሽ። አልትራሳውንድ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ስለ ማሽኑ እኔ ልንገርሽ፣ ስለ ሕክምናው ሐኪሞቹ ይምጡበት።

ኢላስቶግራፊ ውሸት አይደለም። ፕሮቡ፣ ሰውነት ላይ የምናስቀምጠው የማሽኑ እጀታ፣ ለአፍታ ጠንከር ያለ ሞገድ ይለቅና ሥጋውን ከውስጥ ገፋ ያደርገዋል። ያኔ ወደ ጎን የሚሄድ ትንሽ ንዝረት ይፈጠራል፣ ሺር ዌቭ ይሉታል። ማሽኑ የሚለካው የዚህን ንዝረት ፍጥነት ነው። ጠንካራ ሥጋ ውስጥ ይፈጥናል፣ ለስላሳ ውስጥ ይዘገያል። ተራው የአልትራሳውንድ ድምፅ ሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይኼኛው ግን በሰከንድ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፣ ማሽኑ ደርሶ የሚይዘውም ለዚያ ነው።

ጉበት ላይ ነገሩ በደንብ ሠርቷል። ፋይብሮስካን የሚባለው የፈረንሳዮች የጉበት ኢላስቶግራፊ ማሽን ከመጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሄፓታይተስ ያለበት ሰው ጉበቱ ምን ያህል እንደጠነከረ ለማወቅ አሁን ብዙ ጊዜ መርፌ አይወጋም። ጓደኛችሁም ከዚያ ተነስቶ ይሆናል። ግን ኩላሊት እንደ ጉበት አይመችም። ጉበት ትልቅ ነው፣ ለፕሮቡ ቅርብ ነው፣ በየት በኩል ብትለኪው ብዙ አይለያይም። ኩላሊት ጀርባ ውስጥ ገብቷል፣ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። መለካት የምንፈልገው የውጪው ክፍል፣ ኮርቴክሱ ማለቴ ነው፣ ውፍረቱ አንድ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ቱቦዎቹና የደም ሥሮቹ ከውጪ ወደ መሃል በአንድ አቅጣጫ ስለተደረደሩ ፕሮቡን ትንሽ ባዞርኩ ቁጥር ቁጥሩ ይቀየራል። ያው ሰው፣ ያው ኩላሊት፣ ያው ቀን! እጄን ጠንከር አድርጌ ብጫንም ይቀየራል።

ዝም ባይ አንባቢ
ሶኖ፣ እንዲህ ከሆነ ማሽኑ ላይ ለምን «ኩላሊት» የሚል ምርጫ ይጨምሩበታል ታዲያ? ለሽያጭ?

ሶኖ ጎንደር
ሃሃ፣ ምርጫው ስላለ ብቻ መልሱ አለ ማለት አይደለም። ማሽኑ ምንም ነገር ላይ ብታስቀምጠው ቁጥር ያወጣል፣ የሶፋ ትራስ ላይም ቢሆን።

የኩላሊት ሰው
ሐኪም ነኝ፣ የኩላሊት ሕክምና ላይ ነው የምሠራው። ታላቅ እህት፣ ወንድምሽን ሳላየው ስለ እሱ አልወስንም፣ ስለ ጉዳዩ ግን ልጻፍልሽ።

ሶኖ የተናገረው ልክ ነው፣ ግን ከዚያም የባሰ ችግር አለ። ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንዱ ገደማ የሚሄደው ወደ ኩላሊቶች ነው። ስለዚህ የኩላሊት ጥንካሬ ከጠባሳ ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የፈረንሳዮች ጥናት አለ፣ በሕይወት ባለ አሳማ ኩላሊት ላይ የተሠራ። ደም ቅዳውን ሲዘጉት ኩላሊቱ ለሰለሰ። ደም መልሱን ሲዘጉት ጠነከረ። የሽንት ግፊቱን ሲጨምሩትም ጠነከረ። ልብ በሉ፣ ይኼ ሁሉ ሲሆን አንዲት ጠባሳ አልተጨመረችም።

አሁን በሽታው የቆየ ኩላሊት አስቡ። ጠባሳው ያጠነክረዋል፣ የደም ፍሰቱ መቀነስ ደግሞ ያለሰልሰዋል። ቆዳው የወፈረ ግን አየሩ የወጣ ኳስ ስትጫኑት ይሰረጉዳል አይደል? እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው ጥናቶቹ እርስ በርስ የሚጣሉት። አንዱ በሽታው ሲገፋ ቁጥሩ ከፍ ይላል ይላል፣ ሌላው ይወርዳል ይላል፣ ሌላው ምንም ግንኙነት አጣሁ ይላል። ሁሉም የለኩትን ነው የጻፉት። ጠባሳን ብቻ ለይተው ስላልለኩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ለወንድምሽ የበለጠ የሚመለከተው ነው። ባዮፕሲ የሚሠራው ጠባሳውን ለመለካት ብቻ አይደለም። በ34 ዓመት፣ ያለ ስኳር፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲንም ደምም ካለ ጥያቄው «ምን በሽታ ነው?» ነው። አይጂኤ ኔፍሮፓቲ (አይጂኤ የሚባለው የመከላከያ ፕሮቲን ማጣሪያዎቹ ላይ የሚከማችበት) ሊሆን ይችላል፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት) ሊሆን ይችላል፣ ሌላም አለ። መድኃኒታቸው ይለያያል። አንዱ ስቴሮይድ የሚባለውን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሌላው ስቴሮይድ ቢሰጠው ጉዳት እንጂ ጥቅም አያገኝም። ፓቶሎጂስቱ፣ ናሙናውን የሚያነበው ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ገና የሚነድ ብግነት አለ ወይስ ሁሉም ነገር ጠባሳ ሆኖ አልቋል የሚለውን ይለያል። ብግነቱ ይታከማል። ጠባሳው አይመለስም። ምንም ዓይነት አልትራሳውንድ ዛሬ ይህን ለይቶ አይነግርሽም።

«ኢኮጀኒሲቲ ጨምሯል» የሚለውም ያው ነው፤ ኮርቴክሱ ስክሪኑ ላይ ነጣ ብሎ ታየ ማለት ነው። በሽታ እንዳለ ይጠቁማል፣ ብግነት ይሁን ጠባሳ አይናገርም። መጠኑ ግን ደስ ይላል። 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ያለ ኩላሊት ገና አልኮማተረም። 8 ሴንቲሜትር ሆኖ ኮርቴክሱ ስስ ቢሆን ኖሮ እኔም ባዮፕሲውን አልገፋም ነበር። አደጋው ይጨምራል፣ የሚገኘውም ትርፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ተራውን አልትራሳውንድ አትናቁት፣ ባዮፕሲ ይሠራ አይሠራ የሚለውን ግማሹን የሚወስነው እሱ ነው።

እኔ አላምንም
ዶክተር ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ባዮፕሲውን እንደ ዳኛ አታቅርቡት። አንድ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ማጣሪያ አለ ትላላችሁ። በመርፌ የምታወጡት ክር የምታክል ነገር ውስጥ ደግሞ ሃያ ማጣሪያ ከተገኘ ጥሩ ነው ትላላችሁ። ከሚሊዮን ሃያ! ጠባሳው ደግሞ እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው ያለው። መርፌው ጠባሳ የበዛበት ቦታ ከገባ ሰውየው አለቀለት ልትሉት ነው፣ ደህና ቦታ ከገባ ደግሞ ተርፏል።

የኩላሊት ሰው
ይቅርታ አያስፈልገውም፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የናሙና ስህተት አለ። ሁለት ክር የምናወጣውም ለዚያ ነው። የጠባሳውን መጠን ስንጽፍም እስከ 25 ከመቶ ቀላል፣ እስከ 50 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ እያልን በሰፊው ነው የምንከፍለው፤ ሁለት ፓቶሎጂስት ያንኑ ናሙና አይተው አንዱ 20 ሌላው 30 ሊል ይችላል። ኩላሊቱን በሙሉ የሚያይ፣ በየስድስት ወሩ ሊደገም የሚችል፣ የማያደማ ነገር መፈለጉ ተገቢ ነው። ተመራማሪዎቹም ወደ ኢላስቶግራፊ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ፍላጎቱ ስላለ መሣሪያው ደርሷል ማለት አይደለም። ደግሞም ለበሽታው ስም ለመስጠት ሃያ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አይጂኤ ከሆነ ሃያውም ላይ ይታያል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከሜሪላንድ ነኝ፣ በንቅለ ተከላ ነው የምኖረው፣ እህቴ ናት የሰጠችኝ። የተተከለ ኩላሊት ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የኔዋ በቀኝ በኩል ከሆዴ በታች፣ ከቆዳዬ ሥር ናት፣ በእጄ እዳስሳታለሁ። ከጀርባ ጡንቻ ሥር መፈለግ የለም፣ በትንፋሽም ብዙ አትንቀሳቀስም። ባለሙያዋ ኢላስቶግራፊውን ስትሠራልኝ ከቀዝቃዛው ጄል ሌላ ምንም አልተሰማኝም፣ ትንፋሽ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፣ አለቀ። ለጥናት ነበር። ውጤቱን ሐኪሜ አየውና «ጥሩ ነው፣ ግን በዚህ ቁጥር መድኃኒትህን አልቀይርም» አለኝ። ክሬአቲኒኔ ሲጨምር ግን ወዲያው ባዮፕሲ ላከኝ።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። አሜሪካ ያላችሁ ሐበሾች የድሮ ወረቀታችሁን አውጡና እዩ። የኩላሊት አቅም ሲሰላ «ጥቁር» ለሆነ ሰው ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበረ፣ እኛንም እዚያ ውስጥ ከትተውን ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው አዲስ ቀመር ያ ነገር ተነሳ። ብዙ ሰው በወረቀት ላይ ኩላሊቱ በአንድ ቀን «የደከመ» መሰለው፣ ድሮም ያው ነበር። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በዚያ ምክንያት የንቅለ ተከላ ወረፋ ላይ ዘግይቶ የተመዘገበ ጥቁር ታካሚ የጥበቃ ጊዜው ወደ ኋላ እንዲታረምለት ተደርጓል። ወረፋ ላይ ያላችሁ ማዕከላችሁን ጠይቁ፣ ማንም ደውሎ ካልነገራችሁ እናንተ ደውሉ።

ዝም ባይ አንባቢ
የደም ፍሰት የሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ ዶፕለርስ? አጎቴ ንቅለ ተከላ ካደረገ በኋላ በየጊዜው ዶፕለር ነው የሚያዩት፣ አርአይ 0.8 ነው ብለው አስደነገጡን።

የኩላሊት ሰው
አርአይ ማለት ልብ ሲመታና ስታርፍ የደሙ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚለያይ የሚናገር ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ከ0.7 በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት 0.8 እና ከዚያ በላይ የሆነባቸው የተተከሉ ኩላሊቶች ቶሎ እንደሚደክሙ አሳየና ሁሉም ሰው ጠባሳ መለኪያ ተገኘ ብሎ ተደሰተ። በ2013 ደግሞ ቁጥሩን ከባዮፕሲ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩት፣ አርአይ የሚናገረው ስለ ኩላሊቱ ውስጥ ሳይሆን ይበልጡን ስለ ተቀባዩ ዕድሜና ስለ ደም ሥሮቹ መድረቅ ሆኖ ተገኘ። አጎትህ ዕድሜያቸው ስንት ነው? 65 ካለፉ 0.8 ብቻውን አያስደነግጠኝም። ዶፕለሩ የሚጠቅመው የደም ሥር መጥበብ ወይም መዘጋት ካለ ለማየት ነው፣ ለዚያ ጥሩ ነው።

የአያቴ መድኃኒት
እናንተ ሰዎች መርፌና ማሽን ስትሉ ትውላላችሁ። ጠባሳውን የሚያሟሟ ቅጠል አለ። አንድ አዋቂ አለ፣ ብዙ ሰው አድኗል። በውስጥ ጻፊልኝ እህቴ።

ጅዳ ነርስ
ኧረ ባክህ/ሽ ተው! ይህን ነገር እዚህ አትጻፉ። ታላቅ እህት፣ በውስጥ እንዳትጽፊለት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ብለው የቻይና ዕፅ ክኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በአጭር ጊዜ ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ ብዙዎቹ እጥበት ገብተዋል። በኋላ ሲመረመር አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል ነገር ያለው ተክል ክኒኑ ውስጥ ገብቶ ነው። ቅጠል ሁሉ መርዝ ነው አላልኩም፣ ግን አቅሙ 41 የሆነ ኩላሊት የማይታወቅ ነገር መሞከሪያ አይደለም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎችም እንዲሁ። ጀርባውን ባመመው ቁጥር ፋርማሲ ሄዶ እንዳይገዛ።

ስለ ባዮፕሲው ልንገርሽ፣ ብዙ በሽተኛ አዘጋጅቻለሁ። ሰው የሚፈራው ስለማያውቀው ነው። ከአንድ ሳምንት በፊት አስፕሪን የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙ ያስቆመዋል። ጠዋት ደሙን ያያሉ፣ ሄሞግሎቢን፣ ፕላትሌት፣ የደም መርጋት። ግፊቱ ከ140 በ90 በላይ ከሆነ ይመልሱታል፣ ስለዚህ ኢናላፕሪሉን አያቋርጥ፣ የዚያን ቀን ጠዋትም ሐኪሙ ተው ካላለው ይውሰድ። በሆዱ ይተኛል፣ ከሆዱ ሥር ትራስ ይደረጋል። ያው የምታወሩለት አልትራሳውንድ እዚህም አለ፣ መርፌውን የሚመራው እሱ ነው። ቦታውን ያደነዝዙታል፣ ትንፋሽ ያዝ ይሉታል፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙዎቹን የሚያስደነብራቸው ሕመሙ ሳይሆን ያቺ ቀጭታ ናት፣ እኔ አስቀድሜ ባዶውን መርፌ አስጩኼ አሰማቸዋለሁ። ከዚያ በጀርባው ለሰዓታት ይተኛል፣ ስድስት ሰዓት ቢያንስ፣ ብዙ ቦታ እስከ ማግስቱ ያሳድራሉ። በሸና ቁጥር በብርጭቆ ይቀመጣል፣ ቀለሙ እየጠራ ይሂድ እየቀላ ለማየት ነው። ትንሽ ሮዝ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የረጋ ደም ወይም ሽንት እምቢ ማለት ካለ ወዲያው ይጮኻል። ደም መስጠት የሚያስፈልገው ጥቂቱን ሰው ነው።

ታላቅ እህት
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ዶክተርም እርስዎን በተለይ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አትቆጡኝ። ወንድሜ ሳይነግረኝ ሄዶ ኢላስቶግራፊውን አሠርቶ መጣ። ወረቀቱ ላይ «ቀኝ 2.4፣ ግራ 1.6፣ ቀላል ፋይብሮሲስ» ይላል፣ ቀላል ጠባሳ ማለት ነው። በቃ ይኼው ነው። ልጁ «ቀላል ነው ተባልኩ» ብሎ ተደስቶ ሽሮውን እየበላ ነው።

ሶኖ ጎንደር
ሽሮውን ይብላ፣ ጨዉ ትንሽ ይሁንለት። ወረቀቱን ግን እንየው። 2.4 ምን? የንዝረቱ ፍጥነት፣ ሜትር በሰከንድ ነው ወይስ የጥንካሬ መለኪያው ኪሎፓስካል? አልጻፉም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ኪሎፓስካል ሲቀየር 12 ገደማ ነው፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ስንት ጊዜ ለኩ? ልኬቶቹ ምን ያህል ተበታተኑ? ጥልቀቱ ስንት ነበር? በየትኛው ማሽን? የአንዱ ኩባንያ ማሽን ቁጥር ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ይኼ ሁሉ የሌለው ወረቀት ለኔ ባዶ ነው።

ደግሞ ቀኝና ግራውን እዩ። በሁለቱም ኩላሊት ላይ አንድ ላይ የሚመጣ በሽታ ካለበት ሰው አንዱ ኩላሊት የሌላውን አንድ ተኩል እጥፍ ያወጣል? ሜትር በሰከንድ ነው ብዬ ወደ ኪሎፓስካል ብቀይረው አንዱ 17 ሌላው 8 አካባቢ ነው። ይኼ ጠባሳ ሳይሆን አለካክ ነው የሚመስለኝ። በቀኝ በኩል ጉበት አለ፣ በሱ በኩል አሻግረን ጥሩ እናያለን። ግራው ከጎድንና ከአንጀት ጋር ስንታገል ነው የሚታየው። «ቀላል» የሚለውንስ ከየት አመጡት? ለጉበት የተስማሙበት መቁረጫ አለ፣ ለኩላሊት ሁሉም የተቀበለው መቁረጫ የለም።

የኩላሊት ሰው
ሶኖ ጨርሶታል። ታላቅ እህት፣ ልጁን አትቆጪው፣ ግን «ቀላል» የሚለውን ከጭንቅላቱ አውጪለት። ሽንቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ስንት እንደሆነ ከዚያ ወረቀት ይልቅ ይነግረኛል፤ አልቡሚንና ክሬአቲኒን በንጽጽር የሚለካውን የሽንት ምርመራ አሠሩ። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ከባዮፕሲው በፊት ናሙናው የት እንደሚነበብና ኢሚውኖፍሎረሰንስ፣ እንደ አይጂኤ ያሉትን ፕሮቲኖች በሚያበራ ቀለም የሚያሳየው ምርመራ፣ እንደሚሠራለት ጠይቂ። አይጂኤ ኔፍሮፓቲ የሚታወቀው በእሱ ነው። የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ያለ እሱ መርፌውን መቀበል ግማሽ መልስ ይዞ መመለስ ነው።

እኔ አላምንም
ዶክተር እዚህ ላይ ተስማማን። ያ ማዕከል ግን በስልክ «ባዮፕሲ አያስፈልግም» ማለቱ ነው የሚያናድደኝ። ማሽኑ ምን አደረገ? አፉ ነው ያጠፋው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ልክ ነህ። ለኔ ለጥናት ሲሠሩልኝ ገንዘብ አላስከፈሉኝም፣ ወረቀት አስፈርመው ነው፣ «ይህ ለሕክምናህ ውሳኔ አይውልም» የሚል። ልዩነቱ ይኼ ነው።

ታላቅ እህት
ከቆየሁ በኋላ ነው የመጣሁት። ትናንት ባዮፕሲው ተሠራ። እናታችን ውጭ ኮሪደር ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ነበር። ልጁ «ቀጭታው ብቻ ነው» አለ፣ ጅዳ ነርስ እንዳልሽው። የመጀመሪያው ሽንት ሮዝ ነበር፣ ማታ ጠራ፣ ዛሬ ጠዋት ወጣ። ውጤቱ ገና ነው፣ ኢሚውኖፍሎረሰንስ እንደሚሠራ በጽሑፍ አረጋገጥኩ። አሁን ጥያቄዬ፤ ነገ በአውቶቡስ ወደ ደሴ ሊመለስ ነው የሚለው፣ ሥራ አለብኝ እያለ። ይሂድ?

ጅዳ ነርስ
እንኳን ደህና ወጣ! ነገ አይሂድ። ደም ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል፣ መንገድ ላይ ቢሆን ማን ይደርስለታል? ሐኪሙ ሂድ እስኪለው ሆስፒታል ቅርብ ይቆይ። ከባድ ዕቃ ለአንድ ሁለት ሳምንት አያንሳ፣ ኳስም አይጫወት። ወገቡን በጣም ካመመው፣ ሽንቱ እንደገና ከቀላ ወይም ካዞረው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ይውሰዱት። ለሥራው የሕመም ፈቃድ ወረቀት አሁኑኑ ከሐኪሙ ተቀበሉ፣ በኋላ ለመመላለስ ይከብዳል።

ታላቅ እህት
እሺ፣ ትኬቱን አስመልሻለሁ። ወረቀቱን ልቀበል እየሄድኩ ነው።